ጮርቃዋ የአስቀሎና ሾላ

ከዕለታት አንድ ቀን በጥንታዊቷ የአስቀሎና ከተማ ቅጥር ውስጥ አንዲት ትልቅ ሾላ ነበረች። ቅጥሩ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በግማሽ ክብ ይዞርና መልሶ ባሕሩን ይይዛል፤ በመካከሉ ያለው ፍርስራሽ፣ ሣርና ዛፍ ነው። እማማ ሾላ ከዛፎቹ ሁሉ የታወቀች ነበረች። በዓመት ደጋግማ ታፈራለች፤ ፍሬዋም በቅርንጫፍ ጫፍ ሳይወሰን ከግንዷና ከወፋፍራም ክንዶቿ ላይ በዘለላ በዘለላ ይወጣል። መንገደኛ ሁሉ ቀና ብሎ አይቷት «የተባረከች!» ሳይል አያልፍም።

ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ፍሬ አንድም ችግኝ በቅሎ አያውቅም። እሷ ራሷ ከሌላ ሾላ ተቆርጣ የተተከለች ቅርንጫፍ ናት፤ ያቺኛዋም ከሌላ፣ የዚያችም እናት ከሌላ። በአገሩ ያሉት ሾላዎች በሙሉ የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ፍሬው ቢከፈት ዘር የለበትም።

ይህን ማንም አያነሣውም። በፍሬዎቹ መንደር አንድ ሕግ ነበርና፤ ሾላ በድፍን! ጎረቤት የጎረቤቱን ሆድ አይጠይቅም። ቆዳው ካማረ፣ ቀለሙ ከቀላ፣ ዘለላው ከከበደ ሌላው የቤት ጉዳይ ነው። የሾላ ፍሬ ደግሞ አበባውን ለሰው አያሳይም። በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ማንን እንደሚጠብቁ አያውቁም። ሌሊት የባሕሩ ነፋስ ጋብ ሲል እያንዳንዱ ፍሬ የገዛ ሆዱ ባዶነት ይሰማዋል፤ ሲነጋ ግን «እንዴት አደርክ?» ሲባል የሁሉም መልስ «ተመስገን፣ ሙሉ ነኝ» ነው።

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ብስል ይባላል። ከሁሉ ከፍ ብሎ ስለ ተንጠለጠለ የለቃሚ እጅ ደርሶበት አያውቅም። ለባዶነት መድኃኒቱ ቢላዋ ነው እያለ አጥብቆ የሚሰብክ እሱ ነበር። በየወቅቱ አንድ ባለ ቢላዋ መሰላል ተሸክሞ ይመጣና የፍሬዎቹን ጎን አንድ በአንድ ጫር ያደርጋል። ወተቱ ይፈስሳል፤ ከዚያ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ጮርቃ የነበረው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይጣፍጣል። ሙያው የቆየ ነው፤ ነቢዩ አሞጽ ከመጠራቱ በፊት በዚሁ የሾላ ሥራ ይተዳደር ነበር። ለበላተኛውም ክፉ አይደለም። ክፋቱ ፍሬዎቹ ከቢላዋው በሚጠብቁት ነገር ላይ ነው። ያበጠውን የሞላ አድርገው ያዩ ነበር።

ሌሎች ደግሞ እንግዳ በማስተናገድ ሊሞሉ ሞከሩ። አንዲት ጥቁር ተርብ በየደጁ ትመጣለች። ባዶ እጇን ትገባለች፣ በአበቦቹ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ቤቱ በልጆቿ ይንጫጫል። ፍሬው «ሞላሁ! ቤቴ ሞላ!» ብሎ ይጮኻል። ልጆቹ ክንፍ ሲያወጡ ግን ግድግዳውን በስተው ይሄዳሉ። ከኋላቸው የሚቀረው ቀዳዳና ገለባ ነው።

እዚህ ላይ ተረቱን ገታ ላድርገው። ቢላዋውን የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። አንዱ «ዲግሪዬን ብቻ ልያዝ» ይላል፤ ይይዛል። ሌላዋ «ባሕር ማዶ ብቻ ልሻገር» ትላለች፤ ትሻገራለች። ቤቱ ይሠራል፣ ሰርጉ ይደምቃል፣ ስማችን ይጠራል፤ በእያንዳንዱ ጭረት ጥቂት ቀን እናብጣለን። የሚያሳዝነኝ ግን መንፈሳዊ ሥራችን ራሱ ቢላዋ ሲሆን ነው። ስለቱን አስገብተን፣ ጾሙን ጨርሰን፣ ዝማሬውን ዘምረን፣ ስለቱን የተሳልንለትን ጌታ ሳናነጋግረው የምናድርበት ሌሊት አለ። ስለዚህ ነው ይህን ተረት የምነግረው።

በእማማ ሾላ ዝቅተኛ ክንድ ላይ አንዲት ጮርቃ ነበረች፤ ስሟም ጮርቃ ነው። ገና አረንጓዴ፣ ገና ጠንካራ። ከሥሯ አንድ የጥንት ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ሰፊና ክብ ነው፤ ሰዎች በደረጃ እየወረዱ ይቀዱበት ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያለፈ አንድ ተሳላሚ «የሰላም ጉድጓድ» ብሎ ጽፎለታል። ከእሱም በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የክርስትና ሊቅ ኦሪጀን የአስቀሎናን ጉድጓዶች አሠራር አድንቋል። ዛሬ ግን የሚቀዳበት የለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዚያ ዳርቻ የባሕሩን ጨው እየለየ ውኃ የሚያወጣ ፋብሪካ ቆሟል። ጉድጓዱ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ ያወራል።

አንድ ሌሊት ጮርቃ «አባባ ጉድጓድ፣ አልተኙም?» አለችው።

«ጉድጓድ ምን እንቅልፍ አለው ልጄ? ምን ሆነሽ ነው?»

«ሆዴ ባዶ ነው። እንዲህ አይባልም አይደል?»

ጉድጓዱ ዝም አለና «አይባልም። ግን እውነት ነው። እኔ ባዶ ነኝ ያለ ፍሬ ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው» አላት።

«ከተማዋስ? ቅጥር ነበራት፣ ወደብ ነበራት ይላሉ። እሷ ሞልታ ታውቃለች?»

«ልንገርሽ። በሰሜን በኩል በጭቃ ጡብ የተሠራ ቅስት ያለው በር አለ። ያኔ በባሕር የመጣ ነጋዴ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰግደው በሩ አጠገብ ላለች ጥጃ ነበር። ከነሐስ ተሠርታ በብር የተለበጠች፣ ግማሽ ስንዝር የምታህል ጥጃ ናት፤ የሸክላ ቤትም ነበራት። ነጋዴው ይሰግድላትና እኔ ዘንድ መጥቶ ይጠጣል። በማግስቱም ይሰግዳል፤ በማግስቱም ይጠማል።»

«ጥማቱን ለምን አይነግራትም ነበር?»

«ይነግራታል እንጂ! እሷ መቼ ጠይቃው ታውቃለች? መቼስ መልሳለት?»

(ጥጃዋን ጉድጓዱ ከሆዱ ያወጣት አይደለችም። ቁፋሮ አድራጊዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ከነሸክላ ቤቷ ከዚያው ከበሩ አጠገብ አግኝተዋታል፤ ዕድሜዋ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ነው።)

ጉድጓዱ ቀጠለ። «ከዚያ ፍልስጥኤማውያን መጡ። ወይንና ዘይት ጫኑ፣ በመርከብ ነገዱ፣ ከአምስቱ ከተሞቻቸው አንዷ አደረጓት። ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ604 ደርሶ አነደዳት። እንደገና ተሠራች። በሮማውያን ዘመን ዕብነ በረድ ከትንሿ እስያ በመርከብ አስመጡ፤ ይህን የሚያህል አዳራሽ አቆሙ፤ አማልክቱን በዓምዶቹ ላይ ቀረጹ። እ.ኤ.አ. በ363 ምድር ስትናወጥ አዳራሹ በአንድ ቀን ተኛ። የኋላ ሰዎች የወደቁትን ዓምዶች ሰብስበው በባሕሩ ቅጥር ውስጥ በአግድም ወተፏቸው፤ ጫፋቸው እስካሁን ወደ ባሕሩ ወጥቶ ይታያል። የአማልክት ቤት ምሰሶ የግንብ ማሰሪያ ሆነ። ቅጥሩስ? ሱልጣን ሳላሐዲን ጠላት እንዳይጠቀምበት ብሎ በ1191 ራሱ አፈረሰው። በ1270 ሱልጣን ቤይባርስ የተረፈውን ጨርሶ ወደቡን በድንጋይ ሞላው። በዚህ ከተማ ሞልቶ ያየሁት ነገር ያ ወደብ ብቻ ነው።»

ጮርቃ ልቧ ወደቀ። «እንግዲያው ሞልቶ የሄደ ሰው አላዩም?»

«አይቻለሁማ! ከግብፅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በእምነታቸው ምክንያት በኪልቅያ የታሰሩ ወንድሞቻቸውን ሊያገለግሉ ሲጓዙ እዚሁ በር ላይ ተያዙ። አሬስን አቃጠሉት፤ ፕሮሞስንና ኤልያስን አንገታቸውን ቀሉ። የቂሣርያው አውሳብዮስ ጽፎላቸዋል። እኔ ብዙ ሰው ሲሞት ሰምቻለሁ፤ ሟች ሁሉ የቀረበትን ይቆጥራል። እነዚህ ግን የቀረባቸው ነገር እንዳለ ሰው አልነበሩም። አጠገባቸው የሆነ ሰው ያለ ይመስል ነበር። በኋላ ከእኔ አጠገብ አሳረፏቸው፤ ተሳላሚው የሰላም ጉድጓድ ያለኝ በእኔ ውኃ ብቻ አይመስለኝም።»

«ሌላስ?»

«ሌላው እዚህ አልመጣም፤ ወሬውን ያመጡልኝ ባለ ግመሎች ናቸው። ከዚህ በስተደቡብ በጋዛ መንገድ አንድ ኢትዮጵያዊ በሠረገላ ያልፍ ነበር፤ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ። ልብ በይ ልጄ፣ የአንድ መንግሥት ግምጃ ቤት ሁሉ በእጁ ነው። ባዶ ቤት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሆኖም ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ኢየሩሳሌም ድረስ ለመስገድ መጣ፤ ሲመለስም ኢሳይያስን እያነበበ፣ ሊታረድ ስለ ተወሰደ አንድ በግ እየጠየቀ ነበር። ፊልጶስ ከሠረገላው ላይ ወጥቶ በጉ ማን እንደ ሆነ ነገረው። መንገድ ዳር ውኃ አገኙና ተጠመቀ። ከዚያ ፊልጶስ ተወሰደበት፤ በአዛጦን ታየ። ጃንደረባው ብቻውን ቀረ፤ ደስታው ግን አልተለየውም። ሠረገላው ያው፣ ሥራው ያው፣ ንግሥቲቱም ያችው።»

«ታዲያ ምን ተለወጠ?»

«አብሮት የሚሄደው።»

በጸደይ ሽመላዎች ከደቡብ በአስቀሎና ሰማይ በመንጋ ያልፋሉ። ከመንጋው አንዲቱ ደክሟት እማማ ሾላ ላይ አረፈች። ጮርቃ ከየት እንደ መጣች ሰምታ ደነገጠች፤ የጃንደረባው አገር ነው።

«እመት ሽመላ፣ በአገርዎ ሾላ አለ?»

«ምን ነካሽ! ወንዝ ዳር አለ፣ ገበያ ዳር አለ። ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ፣ የተጣሉትን ያስታርቃሉ።»

«ማን ተከለው?»

«ማንም። ወፍ በልታ ዘሩን ጣለችዋ።»

«ምኑን?»

ሽመላዋ ወደ ጮርቃ ዘወር አለች። «ዘሩን። ሆድሽ ውስጥ ያለውን።»

ከግንዱ እስከ ጫፍ መንደሩ ጸጥ አለ። ዘር የሚባለውን ቃል በዚያ ዛፍ ላይ ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም። አያ ብስል ከላይ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እመት ሽመላ፣ መንገደኛ ነሽና አንቀየምሽም፤ እኛ ግን የሆድ ነገር አናወራም» አላት።

ሽመላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለጮርቃ ብቻ ነገረቻት። በዚያ አገር አንዲት ተርብ አለች፤ ከጤፍ ቅንጣት ጥቂት ብትበልጥ ነው። ከሌላ ሾላ ተነሥታ፣ የአበባውን ብናኝ በደረቷ ይዛ ትመጣለች። የፍሬው ደጅ ጠባብ ነው፤ ስትገባ ክንፏ ይቀነጠሳል። ስለዚህ ተመልሳ አትወጣም፤ ይህ ደግሞ ሳይታሰብ የሚደርስባት አደጋ አይደለም፣ የምትመጣበት መንገድ ነው። ውስጥ ገብታ አበቦቹን አንድ በአንድ ትጎበኛለች፣ ያመጣችውን ትሰጣለች፣ እዚያው ትሞታለች። ያኔ ዘር ይይዛል።

«ሰዎቹስ ይህን ያውቃሉ?» አለች ጮርቃ።

«ተርቧን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ታሪኩን ግን ያውቁታል። ጃንደረባው ያነበበውን መጽሐፍ እነሱም ያነብቡታል፤ ክብሩን ትቶ በጠባብ ማኅፀን ያደረ፣ በመጣበትም ምድር የሞተ ጌታ አላቸው። ክርስቶስ ይሉታል። አንዳንዱ ስሙን ብቻ ይጠራል፤ አንዳንዱ ደጁን ይከፍታል። ሁለቱን ከሩቅ ሳያቸው እለያቸዋለሁ።» ይህን ብላ ከመንጋዋ ጋር ወደ ሰሜን በረረች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጮርቃ ሰላም አጣች፤ መንደሩም ከእሷ ሰላም አጣ። «ክንፉን አስቀንጥሶ ማን ይመጣልሻል? አንቺ ማን ስለ ሆንሽ?» ይሏታል እኩዮቿ። የእነሱ ጥያቄ መጥፎ አልነበረም፤ እሷም ራሷን ሌሊት ሌሊት የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ማን ስለ ሆነች? ከሺህ ፍሬ አንዷ፣ አረንጓዴ፣ ለገበያ ያልደረሰች።

ባለ ቢላዋው መጣ። ዘለላ በዘለላ እየጫረ ወደ እሷ ሲደርስ አያ ብስል ከላይ ጮኸ፤ «ጮርቃ፣ አትሞኚ! ሳትበስይ ትወድቂያለሽ። በቀኑ የሚጭርሽን ትተሽ ያላየሽውን ትጠብቂያለሽ?» በድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ ፍርሃትም ነበር። ጮርቃ ቅጠል ሥር ገባች። ቢላዋው አለፋት።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቿ ሁሉ አብጠው ቀሉ። እሷ እንደ ነበረች ነበረች። በአራተኛው ቀን ለቀማ ሆነና ዘለላው ተራቆተ፤ ብቻዋን ቀረች። ይህ ክፉ ቀን ነበር። የሚጠብቁት የዘገየባቸው ሰዎች ያውቁታል፤ እምነት ይሁን ሞኝነት ለመለየት የማይቻልበት ቀን አለ። ጮርቃ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዶነቷን በሌላ ነገር አልሸፈነችውም። ደጇ ክፍት ነበር።

የደቡብ ነፋስ ሲነሣ፣ አሸዋውን አልፎ፣ በቅጥሩ ላይ ዞሮ፣ እማማ ሾላን አናወጣት። በዚያ ነፋስ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር መጣች።

ጮርቃ በደጇ ላይ ስትሰማት ደነገጠች። «ማን ነው?»

«ስትጠብቂኝ የነበረችው።»

«በሬ ጠባብ ነው። ይጎዳሻል።»

«አውቃለሁ» አለችና ገባች። ክንፏ ከደጁ ላይ ቀርቶ ነፋስ ወሰደው።

ጮርቃ ከዚያ በፊት ማንም ያላየው ክፍል ነበራት፤ አሁን አንዲት እንግዳ በእያንዳንዱ አበባ ፊት እየቆመች ነበር። አፈረች። «ይቅርታ፣ ባዶ ነው። የማቀርብልሽ የለኝም።»

«የመጣሁት ልቀበል አይደለም።»

«ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ ታዲያ?»

«አንቺን።»

«ቀይ አይደለሁም እኮ። የተሸጡት ከእኔ ይበልጣሉ።»

«የተሸጡትንም እፈልጋቸው ነበር» አለች እንግዳዋ፤ ድምፅዋም አዘነ። «ደጃቸው ላይ ነበርኩ። ቢላዋው ቸኮለባቸው።»

ያን ሌሊት ሙሉ ተነጋገሩ። የተባባሉትን ሁሉ አልጽፈውም፤ እንዲህ ያለ ንግግር በሁለቱ መካከል ሲቀር ይሻላል። ይህን ያህል ግን ልበል፤ ጮርቃ ባዶነቷን ስታስብ ያደገችበትን ጊዜ ሁሉ ስትናገር እንግዳዋ አላቋረጠቻትም፣ ምክርም አላበዛችባትም። አጠገቧ ነበረች። ሊነጋጋ ሲል የመጨረሻው አበባ ላይ ደርሳ ያመጣችውን ብናኝ ሰጠችና ተኛች። ሞተች።

ጮርቃ አለቀሰች። አያ ብስል ሰማና «አላልኩሽም? መጣች፣ ሞተች። አሁን ከባዶነትም የባሰ ኀዘን አለሽ» አላት። ጉድጓዱ ግን ከሥር «ልጄ፣ ቆዪ» ብቻ አለ።

ሳምንታት አለፉ። አበቦቿ አንድ በአንድ ከበዱ። ዘር ምን እንደሚመስል የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ ነገር ግን ሆዷ ውስጥ የራሷ ያልሆነ ሕይወት፣ የራሷ ሆኖ፣ ሲቋጥር ተሰማት። ከቢላዋ ፍሬዎች አልገዘፈችም። ገበያ ብትወጣ ዋጋዋ አይጨምርም። ነገር ግን ሌሊት ነፋሱ ጋብ ሲል ዝምታውን መፍራት ተወች፤ ያቺ የሞተችው ከዘሩ ጋር እንዳለች ታውቅ ነበርና ታነጋግራታለች። የእንግዳዋ ልጆችም በዚያው ቤት ተወለዱ፤ እናታቸው ያመጣችውን ዓይነት ብናኝ ከጮርቃ አበቦች ተሸክመው ወጡ። እንደ ጥቁሯ ተርብ ልጆች ገለባ ትተው አልነበረም የሄዱት። የተላኩ ነበሩ።

ጮርቃ ስትበስል አንዲት ወፍ ወሰደቻት። ከዘሯም አንዱ በባሕሩ ቅጥር ላይ፣ ከአዳራሹ በተወሰዱት ሁለት ዓምዶች መካከል ባለ ስንጥቅ ወደቀና በቀለ። እማማ ሾላ ከሩቅ አይታ አላመነችም፤ ከመቆረጥ ያልመጣ፣ የማንም መጋዝ ያልነካው ልጅ ነው። «የማን ነው?» ብላ ጉድጓዱን ጠየቀችው። «የአንቺ ነው፤ ከላይም የሆነ ነው» አላት።

ከተላኩት አንዲቱ ወደ ላይኛው ክንድ በረረች። ብዙ ደጅ ተዘግቶ አገኘች፤ አንዳንዱም ከፈተላት። ጫፍ ላይ ስትደርስ አያ ብስልን አገኘችው። ቆዳው ተጨማድዷል፣ ጎኑ ላይ የቢላዋው ጠባሳ አለ፣ በአንድ በኩልም ጥቁሯ ተርብ በስታው ሄዳለች።

«እኔ ጋ ተሳስተሽ ነው» አላት። «የጮርቃን ልብ ያቆሰልኩት እኔ ነኝ። ስንቱን በቢላዋ ሰበክሁ።»

«አልተሳሳትኩም።»

«ተቆርጫለሁ እኮ። ተበስቻለሁ። እንደ እኔ ያለው ይሞላል እንዴ?»

«ደጅህ ይከፈታል?»

አያ ብስል ለመጀመሪያ ጊዜ በመንደሩ ሁሉ ፊት «ባዶ ነኝ» አለ። በየዘለላው ያሉት ፍሬዎች ሰሙት፤ ሕጉም በዚያ ቀን ፈረሰ። እሷ ግን ክንፏን ደጁ ላይ ትታ ገብታ ነበር።